በሰው የመነገድ ወንጀል፦ ከሰሜን ጎንደር ደጋ እስከ ባሕር ማዶ

በሰው መነገድ ማለት ሰውን ለመበዝበዝ ሲባል በኃይል፣ በማታለል ወይም ችግሩን መጠቀሚያ በማድረግ መመልመል፣ ማጓጓዝ፣ ማስጠለል ወይም መቀበል ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ያጸደቀው የፓሌርሞ ፕሮቶኮል ወንጀሉን በሦስት ነገሮች ይለየዋል፤ እነሱም ድርጊቱ፣ ድርጊቱ የተፈጸመበት ዘዴና ዓላማው ናቸው። የተጎዳው ሰው ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላ ከሆነ ዘዴው አይጠየቅም። ልጁን ለብዝበዛ መመልመሉ ብቻ ወንጀል ነው። ለአካለ መጠን የደረሰ ሰውም ቢሆን በማታለል ወይም በማስገደድ የተገኘ ፈቃዱ አድራጊውን ከተጠያቂነት አያድነውም። “ወዶ ነው የሄደው” የሚለው መከላከያ በሕግ ፊት ዋጋ የሌለውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ስደተኞችን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገር ግን የተለየ ወንጀል ነው። በእሱ በቀጥታ የሚደፈረው የመንግሥት የድንበር ሕግ ሲሆን፣ አሻጋሪውና ተሻጋሪው ከተዋዋሉበት ቦታ ሲደርሱ ግንኙነታቸው ያበቃል። በሰው መነገድ ድንበር መሻገርን አይጠይቅም፤ ከሰሜን ጎንደሯ መካነ ብርሃን እስከ ጎንደር ከተማ ባለው ርቀት ውስጥ ተጀምሮ ሊያልቅ ይችላል። በተግባር ግን ሁለቱ በአንድ ጉዞ ላይ ይደራረባሉ። ገንዘብ ከፍሎ በመተማ ወደ ሱዳን የተሻገረ ወጣት ሊቢያ ሲደርስ ለሌላ አጋች ይሸጣል፤ መንገዱን በስምምነት ጀምሮ በባርነት ይጨርሰዋል። የኢትዮጵያም አዋጅ ሁለቱን ወንጀሎች ለይቶ እየደነገገ በአንድ ሰነድ ያጠቃለላቸው ስለዚህ ነው።

ስፋቱ

የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ግምት መሠረት 49.6 ሚሊዮን ሰዎች በዘመናዊ ባርነት ውስጥ ይኖራሉ። ከእነዚህ 27.6 ሚሊዮኑ በግዳጅ ሥራ፣ 22 ሚሊዮኑ በግዳጅ ጋብቻ የተያዙ ናቸው። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 እንዳመለከተው ከግዳጅ ሥራ በየዓመቱ የሚገኘው ሕገ ወጥ ትርፍ 236 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል። ለወሲብ ብዝበዛ የተዳረጉት ከተጎጂዎቹ ጥቂቱን ክፍል ቢይዙም ከትርፉ ወደ ሦስት አራተኛው የሚገኘው ከእነሱ ነው። የሚበዙት በሰው ቤት፣ በእርሻ፣ በግንባታና በፋብሪካ ያለ ፈቃዳቸው የሚሠሩ ናቸው። ስለ ወንጀሉ ሲወራ ቀድሞ የሚታሰበው ሰንሰለትና የተቆለፈ ክፍል ቢሆንም፣ ብዙውን ጊዜ ሰውን የሚያስረው የተነጠቀ ፓስፖርት፣ ያልተከፈለ ደመወዝና በቤተሰብ ላይ የተቀመጠ ዕዳ ነው።

የቆየው የባሪያ ንግድ

ዛሬ ስደተኞች የሚያልፉበት የጎንደርና የመተማ መስመር ቀድሞ የባሪያ ነጋዴዎች መንገድ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ከደቡብ ምዕራብ የተያዙ ሰዎች በእናርያና በጎጃም ገበያዎች በኩል ወደ ጎንደር ይመጡ ነበር። ከጎንደር አንዱ መንገድ በመተማ ወደ ሱዳን፣ ሌላው ወደ ምጽዋ ወደብ ይወስድ ነበር። መተማ ቡናና ጥጥ የሚሸጥባት ብቻ ሳትሆን ሰውም የሚሸጥባት ገበያ ነበረች።

ይህን ንግድ ለማስቀረት ከአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ጀምሮ ተከታታይ ነገሥታት ቢያውጁም አዋጁ ከገበያው ጉልበት በታች ሆኖ ቆይቷል። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. መግቢያ ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ በዚያው ዓመትም አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ባሮችን ደረጃ በደረጃ ነጻ የሚያወጣ ድንጋጌ አወጡ። ባርነት ሙሉ በሙሉ በሕግ የተሻረው ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 18 ባርነትንና የግዴታ አገልጋይነትን ከልክሎ፣ ለማንኛውም ዓላማ በሰው መነገድን በግልጽ አግዷል። ከዚህ ታሪክ ለዛሬው ጉዳይ የሚጠቅመው ትምህርት፣ ፈላጊ ገበያና ከስር የሚገፋ ችግር እስካሉ ድረስ ክልከላ ብቻውን ንግዱን ሥውር ያደርገው እንደሆነ እንጂ እንደማያጠፋው ነው።

ደገኛው ለምን ይወርዳል?

መካነ ብርሃን የጃናሞራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳው በሰሜን ተራሮች አካባቢ የሚገኝ ሲሆን መሬቱ ተዳፋት፣ አፈሩ በጎርፍ የተሸረሸረ፣ የእርሻ ይዞታው ጠባብ ነው። ገበሬው ከገብስና ከድንች የሚያገኘው እህል ዓመቱን ሙሉ የማያዳርሰው ቤተሰብ ጥቂት አይደለም፤ በሴፍቲኔት ድጋፍ የሚኖርም ብዙ ነው። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ድርቅ ጃናሞራን፣ በየዳንና ጠለምትን ክፉኛ መትቶ ከብት ፈጅቷል፤ ሰዎችንም ከቀያቸው አፈናቅሏል። ከድርቁ በፊት በ2013 ዓ.ም. የተነሣው የሰሜኑ ጦርነት እስከ ዳባት ድረስ ዘልቆ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ያለው ግጭት ትምህርት ቤቶችን አዘግቷል፣ መንገዶችንም ለጉዞ አደገኛ አድርጓል። መሬት ያልደረሰው፣ ትምህርቱ የተቋረጠበትና ውጊያ የሚያሰጋው ወጣት ከመንደሩ እንዲወጣ የሚገፉት ምክንያቶች ተደራርበዋል።

ይሁን እንጂ መውጣቱ በራሱ አዲስ አይደለም። የሰሜን ጎንደር ደገኛ የራሱን ሰብል ከሰበሰበ በኋላ ወይም በአረም ወቅት ወደ መተማ፣ ቋራና ሁመራ ቆላ ወርዶ በሰሊጥና በጥጥ እርሻ የመሥራት የቆየ ልማድ አለው። በቆላው ለረጅም ጊዜ የሚቆዩት ሠራተኞች ሳሉግ ይባላሉ። አንዳንዶቹ ድንበር ተሻግረው በሱዳን ገዳሪፍ አካባቢ ይሠራሉ። ይህ የጉልበት ጉዞ ለብዙ ቤተሰብ የጨው፣ የልብስና የማዳበሪያ ገንዘብ ያስገኛል። በአንጻሩ ወባና ካላዛር የሚይዟቸው ብዙ ናቸው፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የካላዛር ሕክምናና ምርምር ማዕከልም ከሚያክማቸው ሕመምተኞች አብዛኞቹ እነዚሁ ወቅታዊ ሠራተኞች ናቸው። ልማዱ ለደላላው የተመቸ መሬት ነው፤ መተማ ድረስ ወርዶ የሚያውቅን ወጣት “ትንሽ ብትቀጥል ካርቱም፣ ከዚያም አውሮፓ ነው” ብሎ ማሳመን ከባድ አይሆንም።

ለሴቶች ልጆች ደግሞ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ሌላ ገፊ ምክንያት ነው። በአማራ ክልል ሕጋዊው የጋብቻ ዕድሜ 18 ቢሆንም ከዚያ በፊት የሚዳሩ ልጆች ብዙ ናቸው። የተዳረችው ልጅ ከባሏ ቤት ስትወጣ፣ ያልተዳረችውም ከመዳር ለማምለጥ ስትሸሽ፣ ጎንደር ወይም ባሕር ዳር አውቶቡስ መናኸሪያ ላይ የሚቀበላት ብዙ ጊዜ የሠራተኛ ደላላ ነው።

በአገር ውስጥ

ስለ ወንጀሉ የሚወራው አብዛኛው ስለ ባሕር ማዶ ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ ውስጥ ከገጠር ወደ ከተማ የሚፈጸመው ዝውውርም ሰፊ ነው። ሴት ልጆች ለቤት ሠራተኝነት፣ ለመጠጥ ቤት አስተናጋጅነትና ለወሲብ ንግድ፣ ወንዶች ልጆች ለእረኝነት፣ ለሎተሪ አዟሪነትና ለጫማ ጠረጋ ይወሰዳሉ። ከጋሞ ደጋ ወደ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ለሽመና የሚወሰዱ ሕፃናት ጉዳይ ለብዙ ዓመታት የታወቀ ምሳሌ ነው። ወላጅ ልጁን የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ “አስተምርልሃለሁ” ላለው ዘመድ ወይም የአገር ሰው ነው። ልጁ ከተማ ከገባ በኋላ ትምህርቱ ይቀራል፤ ደመወዝ ካለም ለአምጪው ይከፈላል። እዚህ ላይ ሐሰተኛ ፓስፖርትም ሆነ ታጣቂ አሻጋሪ የለም፤ ነገር ግን ድርጊቱም ዓላማውም የተሟሉ ስለሆነ ሕጉ ወንጀል ይለዋል።

የደላላው ሰንሰለት

ወንጀሉ የሚጀምረው በማይታወቅ ሰው አይደለም። በቀበሌው ያለው የመጀመሪያው ደላላ ጎረቤት፣ የክርስትና ዘመድ፣ ከዐረብ አገር የተመለሰች እህት ወይም የልጁ የትምህርት ጓደኛ ነው። እሱ በላከው ሰው ቁጥር ልክ ድርሻውን ተቀብሎ ለወረዳው ወይም ለጎንደር ከተማው ደላላ ያስረክባል። ያ ደግሞ በገንዳ ውኃና በመተማ ዮሐንስ ካለው አሻጋሪ ጋር ይገናኛል። እያንዳንዱ የሚያውቀው ከበላዩና ከበታቹ ያለውን ብቻ ነው። ፖሊስ የሚይዘው ብዙ ጊዜ ሾፌሩን፣ መንገድ መሪውን ወይም አሳዳሪውን ሲሆን ገንዘቡን የሚሰበስበው ዱባይ፣ ካርቱም ወይም ትሪፖሊ ተቀምጦ ይቀጥላል።

የሰንሰለቱ ዋና ማሰሪያ ዕዳ ነው። ቤተሰብ በሬ ይሸጣል፣ መሬቱን ያከራያል ወይም በወለድ አገድ ይሰጣል፣ ከአራጣ አበዳሪ ይበደራል። በሌላው መንገድ ደላላው መነሻ ላይ ምንም ሳይቀበል “ስትደርስ ትከፍላለህ” ብሎ ይወስዳል። ሁለተኛው ለተጓዡ ቀና ቢመስልም የባሰው እሱ ነው፤ ዋጋው ያልተቆረጠ ዕዳ አጋቾች ሰው በሚያጉሩበት በየመጋዘኑ እያደገ ይሄዳል፣ ዕዳው ያለበትም ሰው እንደ ዕቃ ከአንዱ አጋች ለሌላው ይተላለፋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የስልክ ጥሪ ነው። አጋቾቹ ልጁን እየደበደቡ ጩኸቱን ለእናቱ ያሰሟታል፤ ገንዘቡ በሐዋላ ወይም አገር ውስጥ ባለ ሰው የባንክ ሒሳብ በኩል ይከፈላል። ልጃቸውን ለማስለቀቅ ፎቶግራፉን ይዘው በቤተ ክርስቲያን ደጅና በገበያ የሚለምኑ ወላጆች በኢትዮጵያ ከተሞች የተለመዱ ሆነዋል።

ለገንዘብ ሲባል ሰውን ማገት በአገር ውስጥም ተስፋፍቷል። ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ይጓዙ የነበሩ ከመቶ በላይ ተማሪዎችና ሌሎች መንገደኞች በሰኔ 2016 ዓ.ም. ኦሮሚያ ክልል ገርበ ጉራቻ አቅራቢያ ከአውቶቡስ ወርደው ታግተው ነበር። እገታ በሕግ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ዓላማው ብዝበዛ ሳይሆን የማስለቀቂያ ገንዘብ ነው። ይሁንና በስደት መንገድ ላይ ሁለቱ ስለሚቀላቀሉ፣ መንገዱ የማይጠበቅበት አገር ለሁለቱም ይመቻል።

ሦስቱ መንገዶች

ከኢትዮጵያ የሚወጡ ተጓዦች የሚይዟቸው ዋና መንገዶች ሦስት ናቸው። ለጎንደር ቅርብ የሆነው የሰሜኑ ነው፤ በመተማ ወደ ጋላባት፣ ገዳሪፍና ካርቱም፣ ከዚያ በሰሐራ በረሃ ወደ ሊቢያ ኩፍራ፣ ባኒ ወሊድና የሜዲትራኒያን ጠረፍ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2014 ገደማ በግብፅ ሲና በረሃ አብዛኞቹ ኤርትራውያን የሆኑ ስደተኞች ታግተው ለአንድ ሰው 30,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ይጠየቅ ነበር። ያ መንገድ ሲዘጋ አሠራሩ ወደ ሊቢያ መጋዘኖች ተዛወረ። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. አይ.ኤስ. የተባለው ታጣቂ ቡድን በሊቢያ ወደ 30 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ገድሎ አገሪቱን ብሔራዊ ሐዘን ላይ የጣለውም በዚሁ መንገድ ላይ ነው። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሲጀመር በመተማ ድንበር የጉዞው አቅጣጫ ተገላበጠ፤ ከሱዳን የሸሹ የብዙ አገር ዜጎችና ተመላሽ ኢትዮጵያውያን ወደ ምዕራብ ጎንደር ገቡ። በዳባት ወረዳ ያለው የአለምዋጭ መጠለያም ኤርትራውያን ስደተኞችን ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ያስተናግዳል። ሥራና ሰነድ የሌለው ስደተኛ ለአሻጋሪዎች ቀላል ዒላማ በመሆኑ ሰሜን ጎንደር ሰው የሚወጣበት ብቻ ሳይሆን የሚተላለፍበትም ቀጠና ነው።

ብዙ ሰው የሚሄድበት ግን የምሥራቁ መንገድ ነው። በጅቡቲ ኦቦክ ወይም በሶማሊያ ቦሳሶ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ያደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 138,000 ያህል ስደተኞች የመን ገብተዋል፤ እጅግ የሚበዙት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. በሰንዓ ማቆያ በተነሣ ቃጠሎ በርካታ ኢትዮጵያውያን ሞተዋል። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ባወጣው ዘገባ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን መግደላቸውን ገልጿል፤ የሳዑዲ መንግሥት ክሱን መሠረት የለሽ ሲል አስተባብሏል። ሦስተኛው የደቡብ መንገድ በሞያሌ፣ በኬንያና በታንዛኒያ አልፎ ደቡብ አፍሪካ የሚዘልቅ ሲሆን በይበልጥ የሃዲያና የከምባታ ወጣቶች የሚጓዙበት ነው።

ከደረሱ በኋላ

በመካከለኛው ምሥራቅ የቤት ሠራተኛዋ ሁኔታ የሚወሰነው ከፋላ በሚባለው ሥርዓት ነው። የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ከቤቱ ከወጣች ሕገ ወጥ ትሆናለች። ደመወዝ ቢያስቀሩባት፣ ስልኳን ቢነጥቋት ወይም ቢደበድቧት አማራጯ መታገሥ ወይም መጥፋት ነው። ሳዑዲ ዐረቢያ እ.ኤ.አ. በ2021 ያደረገችው የሥራ ሕግ ማሻሻያ የቤት ሠራተኞችን አላካተተም። በሊባኖስ እ.ኤ.አ. በ2020 የገንዘብ ቀውሱ ሲባባስ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን ያለ ደመወዝና ያለ ፓስፖርት አምጥተው ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ ጥለዋቸው ሄደዋል። በሕጋዊ ቪዛ የሄደች ሠራተኛም በሰው የመነገድ ተጎጂ ልትሆን እንደምትችል ይህ ግልጽ ማሳያ ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተማረውን ወጣት የሚይዝ አዲስ ዓይነት ብቅ ብሏል። በማኅበራዊ ሚዲያ “በታይላንድ የኮምፒዩተር ሥራ” እየተባለ የሚመለመሉ ሰዎች ወደ ምያንማር ተወስደው በኢንተርኔት ማጭበርበሪያ ግቢዎች ይታሰራሉ፤ እንግዳ ሰዎችን በውሸት ፍቅርና በውሸት ኢንቨስትመንት እንዲያታልሉ ይገደዳሉ። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ከምያንማሯ ምያዋዲ ተለቀው ታይላንድ ከገቡት 260 ሰዎች ግማሽ ያህሉ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ተጎጂው የተማረ፣ እንግሊዝኛ የሚናገርና በአውሮፕላን የሄደ መሆኑ አለማወቅን ብቸኛ ምክንያት አድርጎ የሚያየውን አመለካከት ያስተባብላል።

ሕጉና አፈጻጸሙ

ኢትዮጵያ የፓሌርሞን ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ2012 ተቀብላለች። በ2007 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 909 በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1178 ተተክቷል። አሁን በሥራ ላይ ባለው አዋጅ ተጎጂው ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ ከሆነ ቅጣቱ ከ7 እስከ 12 ዓመት፣ ሴት ወይም ሕፃን ከሆነ ከ10 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራትና የገንዘብ መቀጮ ነው። በፍትሕ ሚኒስቴር የሚመራ ብሔራዊ የትብብር ጥምረትም የየመሥሪያ ቤቱን ሥራ ያቀናጃል።

ትላልቅ ነጋዴዎችን ለፍርድ ማቅረብ እንደሚቻልም እንደሚያስቸግርም ሁለት ጉዳዮች ያሳያሉ። በሊቢያ ስደተኞችን በማሰቃየት የታወቀው ኪዳነ ዘካርያስ ሀብተማርያም በ2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቢያዝም በ2013 ዓ.ም. ከፍርድ ቤት አምልጦ በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ በ2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ እንደገና ተያዘ። ዋሊድ በሚል ስም የሚታወቀው ተወልደ ጎይቶም ደግሞ በአዲስ አበባ የ18 ዓመት እስራት ተፈርዶበት በ2015 ዓ.ም. ለኔዘርላንድስ ተላልፎ ተሰጥቷል።

በወረዳ ደረጃ ያለው ችግር ከዚህ ይለያል። ደላላው ዘመድ ወይም ጎረቤት ሲሆን ጉዳዩ ወደ ሽምግልና ይሄዳል፤ ከተከፈለው ገንዘብ የተወሰነው ሲመለስ ክሱ ይቀራል። ቤተሰቡ የሚመሰክርበት ሰው ሌላውን ልጁን በመንገድ ላይ ይዞበት ሊሆንም ይችላል። ምስክር በሌለበት ዐቃቤ ሕግ በከባዱ አንቀጽ መክሰስ ስለሚቸገር የሚያስፈርደው ቀላሉን ነው።

ለሥራ ወደ ውጭ የሚወጣበትን ሕጋዊ በር በተመለከተ የሁለት ፖሊሲዎች ውጤት ታይቷል። በ2006 ዓ.ም. መንግሥት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለሥራ መሄድን አገደ፤ በዚያው ዓመት ሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን መለሰች። እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ሲቆይ ጉዞው አልቆመም፤ ከኤጀንሲ ወደ ደላላ፣ ከቦሌ ወደ ኦቦክ ዞረ እንጂ። ከዚያ በኋላ ሥራ ላይ የዋለው አዋጅ ቁጥር 923 ኤጀንሲዎች ከሠራተኛዋ የአገልግሎት ክፍያ እንዳይቀበሉ ከልክሎ፣ ከተቀባይ አገሮች ጋር የሁለትዮሽ ስምምነት እንዲኖር አስገደደ። ይሁን እንጂ 8ኛ ክፍል ማጠናቀቅንና የሙያ ብቃት ማረጋገጫን ቅድመ ሁኔታ በማድረጉ፣ ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጠች የገጠር ልጅ በሕጋዊው በር ማለፍ አልቻለችም። ለእሷ የቀረው ደላላው ነበር።

ተመላሾችና መከላከል

ተመልሶ የሚመጣው ሰው ከጉዳቱ ጋር ዕዳውንም ይዞ ይመጣል። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ አጋር ኢትዮጵያ ያሉ ድርጅቶች ለሴት ተመላሾች መጠለያ፣ የሥነ ልቦና ድጋፍና የሙያ ሥልጠና ይሰጣሉ፤ ወደ ጃናሞራ ወይም በየዳ ለሚመለስ ሰው ግን ተመሳሳይ አገልግሎት በቅርብ አይገኝም። አራጣው እየተቆጠረ፣ መሬቱ በአበዳሪ እጅ እያለ የሚመለስ ወጣት ዕዳውን የሚከፍልበት ሥራ ካላገኘ እንደገና ይሄዳል። ዓለም አቀፉ መርሕ ተጎጂው ተገዶ በፈጸመው የሰነድ ወይም የድንበር ጥፋት እንዳይከሰስ ይጠይቃል፤ ተግባራዊ የሚሆነው ፖሊሱና የድንበር ጠባቂው ተጎጂን ከጥፋተኛ የሚለይበት ሥልጠና ሲያገኝ ነው።

የመከላከል ሥራ ለብዙ ዓመታት ያተኮረው በማስጠንቀቅ ላይ ነው፤ ስለ በረሃውና ስለ ባሕሩ በትምህርት ቤት፣ በሬዲዮና በቤተ ክርስቲያን ዐውደ ምሕረት ይነገራል። ማስጠንቀቂያው አስፈላጊ ቢሆንም አብዛኛው ተጓዥ አደጋውን ሰምቶ ነው የሚሄደው፤ ከቤቱ ችግር ጋር አመዛዝኖ። ስለዚህ ውጤት ሊያመጡ የሚችሉት እርምጃዎች ወንጀሉ የሚጸናባቸውን ነጥቦች የሚነኩ ናቸው። በመነሻው፣ ሰው በአራጣና በወለድ አገድ ፋንታ የሚበደርበት የብድር አገልግሎትና ለቆላው ወቅታዊ ሠራተኛ የጽሑፍ ውልና ሕክምና ያስፈልጋል። በመካከል፣ የማስለቀቂያ ገንዘብ የሚገባባቸውን የባንክ ሒሳቦች ተከታትሎ ከሾፌሩ በላይ ያለውን መያዝ ይገባል። በመድረሻው፣ ሠራተኛዋ አሠሪዋን ስትቀይር ሕገ ወጥ የማትሆንበት ስምምነትና የሠራተኛ ጉዳይ የሚከታተል አታሼ ያስፈልጋሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለገጠር ልጅ የሚደርስ ሕጋዊ በር ከደላላው ዋጋ የረከሰና የፈጠነ ሆኖ መገኘት አለበት፤ ካልሆነ የቅጣቱ ክብደት የደላላውን ክፍያ ከማስወደድ ያለፈ ለውጥ አያመጣም።